ሰማያዊው ሽቦ

መካኒኩ የተቀደደውን የፍሪሲዮን ቱቦ ይዞ ከኮፈኑ ስር ቀና ከማለቱ፣ ባልየው ሚስቱ ላይ አፈጠጠ። «እግርሽን ፔዳሉ ላይ አታሳርፊ እያልኩ ስንቴ ልጩህ?»

ሚስትየው ደሟ ፈላ። ጠዋት መንገድ መሃል ማርሽ አልገባ ብሏት፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ በጡሩምባ ሲያደነቁራት ነበር። እሱን ደስ ይበለው ብላም ወር ሙሉ ጉልበቷ እስኪዝል እግሯን አንጠልጥላ ነው የነዳችው።

«የእግር ጉዳይ አይደለም» አለ መካኒኩ። «ይሄ ቱቦ ፔዳሉ ሲረገጥ ትንሽ መላወስ አለበት። አንድ ሰው ከብረቱ ጋር በሽቦ ጥፍር አድርጎ አስሮት፣ ሽቦው እየበላ እየበላ በሳው።»

«እኔማ እንዳይፋተግ ብዬ… ለጥንቃቄ ነው» አለ ባልየው፣ ድምፁ ወርዶ።

መካኒኩ ሽቦውን ፈትቶ ለሚስትየው አቀበላት። ሰማያዊ ነበር፤ ከልብስ ማስጫዋ ላይ ተቆርጦ የጠፋው። «ሰረቀችኝ» ብላ ጎረቤቷን ካኮረፈች ወር አልፏታል። ያን ጊዜ «ምን ጎረቤት አለ ዘንድሮ!» እያለ አብሯት ራሱን ሲነቀንቅ የነበረውም ይኸው ባሏ ነው።

ሽቦውን እጁ ላይ መልሳ አስቀመጠችለት።

«መኪናው ይቆየን» አለች። «መጀመሪያ ይሄን ይዘህ የጎረቤታችንን በር ታንኳኳልኛለህ።»