የዱባዩ ሃያ ቦርሳ

በእጅ የተሰፋ ቦርሳ የሰፋውን ሰው ስሜት ለያዘው ሁሉ ማጋባት ከጀመረ ወዲህ፣ ሚስቴ ዘውድነሽ አስከፍታኝ አታውቅም። ድሮ «አራተኛ ክፍል ያልዘለቀ ዲዛይነር!» እያለች የምታሾፍብኝ ሴት ዛሬ «የኔ ጌታ» ትለኛለች። ሱቃችንም ሦስት ሆኗል። እኔ ግን አላምናትም።

ባለፈው ወር ሳላስበው ጓዳ ስገባ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ አገኘኋት። ስታየኝ ቶሎ ገለበጠችው።

«ማን ሞተ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው፣ የኔ ጌታ።»

«የታመመው ወንድሜ ጥጋቡ ነው አይደል?»

ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀች። «ተቀብሯል። የዱባዩ ደንበኛ ያዘዘው ሃያ ቦርሳ እስኪያልቅ ታገሠኝ። ከዚያ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ይነግሩሃል።»

ጥጋቡን ያኮረፍኩት በአባታችን ቀብር ላይ ከኋላ ስላቆመኝ ነበር። የሱ ቀብር ላይ ጭራሽ አልቆምኩም።

መርፌዬን አነሳሁ። ሃያዎቹንም እያለቀስኩ ሰፋኋቸው። ዱባይ ታልቅስለት።