የሃያ ሁለተኛው ፎቅ ነፋስ

ሰዓት ሠሪው "ሕንጻው ይወዛወዛል" አለ፤ እሱ አንዴ ካለ ደግሞ አለ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ብሎን በወረንጦ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ነው። ለዚህም ይሆናል፣ ከራሱ በቀር ሥራ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለውም።

ልጁ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዝታ አብሯት እንዲኖር ወሰደችው። የሥራ ጠረጴዛውንም ብርሃን ያገኝ ብላ መስኮቱ ሥር አኖረችለት። ከዚያ ወዲህ ግን ብሎኖቹ ከወረንጦው እየሾለኩ ምንጣፍ ውስጥ ይጠፉ ጀመር። ደንበኛውም አንድ በአንድ ቀረ።

"ይሄ ሕንጻ ነው ወይስ ዥዋዥዌ?" አለ፣ ከንፈሩን ገልብጦ።

"እኔ ምንም አልተሰማኝም፣ አባዬ" አለች ልጁ፣ ሻዩን እስከ ግማሽ ቀድታ እያቀረበችለት።

"አንቺማ ቤቱ ተገልብጦ ቢደፋሽም ትራስሽን አስተካክለሽ ትተኛለሽ!"

ሕንጻውን የነደፈችው መሐንዲስ ተጠርታ መጣች። በዕድሜ ከልጁ ታንሳለች። ምን ልበላችሁ፣ ያን ጊዜ ፊቱን ባያችሁት! ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አያት፤ ደግሞ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ።

"ረጅም ሕንጻ ነፋስ ሲገፋው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት፣ ጋሼ" አለች። "ግትር ካለ ነው የሚሰነጠቀው። ማዕዘኖቹንም ያድቦለቦልኳቸው ነፋሱ ሳይሽከረከርባቸው እንዲያልፍ ነው። አናቱ ላይ ደግሞ ትልቅ ብረት አንጠልጥለናል፤ ሕንጻው ወደዚህ ሲል ብረቱ ወደዚያ እያለ ያረጋጋዋል።"

"ሰካራሙን በሌላ ሰካራም አስደግፈሻል በይኛ!" ብሎ ሳቀባት።

እሷ እቴ፣ አልተቀየመችም። ከቦርሳዋ የግንበኛ ቱንቢ ከነክሩ አውጥታ ከኮርኒሱ ላይ አንጠለጠለች። ውጭ ነፋሱ ያፏጫል፤ ቱንቢው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ቱንቢውም ያንቺው ነው፣ ምን ይላል ታዲያ!"

"ብሎኑ የሚሾልክብዎት ነፋስ ባለበት ቀን ብቻ ነው?"

"ጸጥ ባለም ቀን ነው እንጂ! ሕንጻሽ የትናንቱን ነፋስ ይዞ ይውላል።"

መሐንዲሷ ልጁን አየቻት፤ ልጁ ወለሉን አየች።

እሱ ግን መች ተወ! የመሐንዲስነት ፈቃዷ ይነጠቅልኝ ብሎ ለግንባታ ቅሬታ ሰሚዎች አመለከተ። ጥፋቱ የእሷ ነው ከተባለ እሷ ከሙያዋ ትባረራለች፤ እሱ ደግሞ ካሳ ተቀብሎ የማይነቃነቅ ቤት ገብቶ ደንበኞቹን መልሶ ይሰበስባል። አንዱን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ "የእሷ ጥፋት ነው" የሚለውን።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ልጁ ይዛው ሄደች። ጠባብ ደረጃ ወርደው አምፖል የሚበራበት ክፍል ገቡ። መሐንዲሷ ቀድማ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው የክሱን ወረቀት ለራሱ ለሰዓት ሠሪው ሰጡትና "እስቲ ያንብቡልን" አሉት።

ብድግ አለና ጉሮሮውን ጠረገ። "ይህች መሐንዲስ ነኝ ባይ..." ብሎ ሳይጨርስ ወረቀቱ ተርገበገበና መስመሩ ጠፋበት። እንደገና ከላይ ጀመረ። ወረቀቱ ጭራሽ ብሶበት ይንሿሿ ጀመር። መሐንዲሷ አንገቷን ደፋች። ልጁ አፏን በመዳፏ ያዘች።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!" ብሎ ጮኸባቸው። "ወረቀት እንኳ አላስነብብ አለኝ እኮ! ያንን መስኮት ዝጉት!"

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም።