የትርሲት የምርቃት ፎቶ

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተገትራ ጥርሷን ብቻ አሳየች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደ።

«ትርሲት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት እኮ አይደለም የመጣሽው።»

«አልችልበትም፣ ጋሼ። አባዬም ‹ፎቶ ላይ ስትስቂ የተቆጣሽ ትመስያለሽ› ይለኛል።»

አባቷ ሆስፒታል ከተኛ ወር ሆኖታል። የምርቃት ጋወኗን ለብሳ የመጣችው ፎቶውን ዛሬውኑ ልታሳየው ነው። ያመጣት አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል።

«አባትሽ ፎቶውን ሲያይ ምን የሚል ይመስልሻል?» አላት ፎቶ አንሺው።

ትንሽ አሰበች። «‹ይቺ ደግሞ የማን ቆንጆ ናት?› ነው የሚለኝ» አለችና ከልቧ ሳቀች። ፎቶ አንሺው ይህችን ሳቅ ሲጠብቅ ነበር፤ አላመለጠችውም።

«ይኸው! እንዲህ ነው እንጂ!»

ፀጉሯን ልታስተካክል ወደ መስታወቱ ስትሄድ አጎቷ ቀረብ ብሎ የአባቷን መታወቂያ አስጨበጠው።

«ይህችን ጉርድ ፎቶ አሳድግልኝ» አለ በሹክሹክታ። «ለለቅሶው ነው። መርዶውን አልሰማችም። ድንኳኑ ገና እየተተከለ ስለሆነ ዘመድ እስኪሰበሰብ እያሳቅህ አቆይልኝ።»

«ጋሼ፣ አንዴ እንድገመው?» አለች ልጅቷ ከመስታወቱ ፊት።

ፎቶ አንሺው መታወቂያውን ኪሱ ከተተው።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አላት።