ዝም ያለው ደን

የሺወርቅ ዳባት ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ናት። ክንፉ በውስጥ በኩል ቀይ ስለሆነው አረንጓዴ ወፍ ለስድስት ዓመት አስተምራለች፤ በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደባርቅ አስጎብኚ ይዛ፣ ከሊማሊሞ መንገድ በታች ወዳለው ጥብቅ ደን ወረደች።

አስጎብኚው ቻላቸው ይባላል፤ ጨዋታ የሚያውቅ ወጣት ነው። ከኋላቸው ጠመንጃ ያነገቡ ሽማግሌ፣ የደኑ ጠባቂ ጋሽ ያርጋል፣ ይከተላሉ። እሳቸው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ዓይናቸውን ከደኑ አልነቀሉም።

ቻላቸው በየዛፉ ሥር እየቆመ የወፎቹን ድምፅ ይለይላት ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ደኑ ጥቅጥቅ ካለበት ሲደርሱ ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ጋሽ ያርጋልም ቆሙ። ቻላቸውን ክንዱን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱትና አንሾካሾኩለት። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ለእሷ ምንም ሳይነግራት በመጡበት መንገድ ሽቅብ ሮጠ።

ሽማግሌው ስልኳን ተቀብለው አጠፉት። ቀይ ሹራቧን እንድታወልቅ አዘዟትና ጠቅልለው ቅጠል ውስጥ ሸጎጡት። ከዚያም በሁለት ቋጥኞች መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት አስቀመጧት። መውጫው ላይ ራሳቸው ተቀመጡ፤ ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ምን አድርጌ ነው?» አለች።

«ዝም በይ ልጄ። ድምፅሽን እንዳልሰማ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የገባት መሰላት። ቻላቸው የሄደው ሌሎቹን ሊጠራ ነው። የአክስቷ ልጅ አምና ከመንገድ ታግቶ ተወስዶ እስካሁን ወሬው አልተሰማም። እናቷ አትሂጂ ብላት ነበር።

ድንጋዩ ጀርባዋን አቀዘቀዘው፤ እግሯ ደነዘዘ። ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። ስድስት ዓመት የናፈቀችው ወፍ መጥቶ ከራሷ በላይ ካለው ቅርንጫፍ አረፈ። ቀና ብላ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከላይ ድንጋይ ተንከባለለ። ሽማግሌው ብድግ ብለው ወደዚያ አንጋጠጡ። የሺወርቅ በጎናቸው ሾልካ ቁልቁል ሮጠች። ይተኩሳሉ ብላ ጠበቀች፤ አልተኮሱም። «ልጄ፣ ተመለሽ» ሲሉ ብቻ ሰማች፤ እሱንም በሹክሹክታ።

እሾህ ቀሚሷን ቀደደው፤ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ተጠማዝዞ ወርዶ በደኑ ግርጌ የሚያልፈው የሊማሊሞ መንገድ ከታች ሲታያት እንባዋ መጣ። አንድ ነጭ መኪና ዳር ይዞ ቆሟል። ሾፌሩ ጎልማሳ ነው። ከወንበሩ ወርዶ ደግፎ አስገባት፤ ውኃ አጠጣት፤ ጋቢውን አለበሳት።

«እግዜር ነው የላከዎት» አለችው።

አይዞሽ አላት። ምን እንደደረሰባት በእርጋታ ጠየቃት። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ሁለቱ ቋጥኞች አንድም ሳታስቀር ነገረችው። አስጎብኚው ወዴት እንደሮጠም አልደበቀችውም። ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጣት። ከዚያ በሩን ከውጭ ቆለፈና ስልኩን አወጣ።

«ፍለጋውን ተዉት» አለ፤ «ልጅቱ ራሷ መጥታልናለች፤ ሽማግሌው የደበቃትንም ቦታ ነግራናለች።»