የተደፋው ማንጋኒዝ

በብሎን መፍቻ የሰነዘርኩት ሁለተኛው ምት የወንድም ጋሼን ቅንድብ ይሰነጥቀዋል። በአንድ እጁ ዓይኑን ሸፍኖ በሌላው መፍቻውን ይነጥቀኝና ይወረውረዋል፤ የወርክሾፑ መስኮት ይረግፋል።

«አብደሻል እንዴ? ምን አደረግኩሽ?»

«ከባትሪዬ ውስጥ የነበረውን ውሃ የት ደፋኸው?»

«ቆሻሻውን ነዋ! እዚያ፣ ፍሳሹ ላይ። ሻይ መስሎ ነበር እኮ! ልቅልቅ አድርጌ ንጹህ ሞላሁልሽ።»

ሃያ ዓመት የመኪና ባትሪ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የደፈረሰ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። የኔ ባትሪ ግን ከሱ ባትሪዎች ጋር አይገናኝም። ሲሠራ ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ውስጡ ካለው ጥቁር ሰሌዳ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ሲሞላ ተመልሶ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ወንድም ጋሼ የደፋው ኃይሉ ባለቀበት ሰዓት ነው፤ የሰሌዳዬ ግማሽ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ እያለ።

አራት መቶ ዘጠና ስድስት ጊዜ ሞልቼ አራት መቶ ዘጠና ስድስት ጊዜ ባዶ አድርጌዋለሁ። አምስት መቶ ሳይደክም ከደረሰ የሰፈራችን ክሊኒክ ለክትባት ማቀዝቀዣው ሊወስደው ነበር። የክሊኒኩ ሰዎች የሚመጡት ከነገ ወዲያ ነው። የስምንት ወር ልፋቴ ፍሳሽ ገባ።

«ሰሌዳዬ እኮ ውሃው ውስጥ ነበር! ገደልከኝ!» ብዬ አፉን በቡጢ እለዋለሁ።

እሱም አይምረኝም። ፀጉሬን ጨምድዶ ከጠረጴዛው ጋር ያላትመኛል፤ ምላሴን እነክስና አፌ ደም ደም ይላል። ክንዱን በጥርሴ እይዛለሁ። ይጮሃል፤ አልለቅም። ልጆች ሆነን እንኳ እንዲህ ተደባድበን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ልገድለው ፈልጌያለሁ።

«ቆይ! ቆይ አንቺ!» ይላል እያለከለከ። «ሰሌዳው ውሃው ውስጥ ነበር ነው የምትይኝ?»

ክንዱን እለቃለሁ። «ግማሹ።»

«እና እኔ... እሱን ነው የደፋሁት?»

ትልቁ ሰውዬ ቀስ እያለ ኩምሽሽ ይላል።

«እንግዶቹ ሲመጡ እንዲያምርልሽ ብዬ እኮ ነው።»

ፍሳሹ ሁልጊዜ ይደፈናል፤ አፉ ላይ ከተደፋው ውሃ ትንሽ አቁሯል። ወንድም ጋሼ ሸሚዙን አውልቆ ይንበረከክና ውሃው ላይ ይጥለዋል፤ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይጨምቀዋል። የሞተር ዘይት አለበት፣ ዝገት አለበት፣ የሳሙና አረፋ አለበት። እንደዚህ ያለ ውሃ ምንም እንደማያደርግልኝ ልነግረው አፌን ስከፍት ይቀድመኛል።

«ስንት ሊትር ነበር?»

«አራት።»

«ይኸው፣ አንድ ብርጭቆ ሆነ» ይልና ሸሚዙን እንደገና ይነክረዋል።

ሲያጎነብስ የቅንድቡ ደም ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል። አጠገቡ እንበረከካለሁ። መዳፌን ከቅንድቡ ሥር ዘርግቼ፣ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ፣ ደሙን እቀበልለታለሁ።