ይደግ የተባለው ናሆም

የምነግራችሁ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ!

ደጋፊ በስልኩ «ይደግ» የምትለውን ቁልፍ ሲጫን ተጫዋቹ እዚያው ሜዳ ላይ አንድ ዓመት በሚጨምርበት ዘመን፣ የሾላሜዳ ታዳጊዎች የገና ቡድን ዘጠኝ ለባዶ እየተመራ ነበር። ጋሽ መንበሩ ልጃቸውን ናሆምን ሊያዩ ከደጋፊው መሀል ተቀምጠዋል። ናሆም አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ዱላው ሊበልጠው ምንም አልቀረው።

«ይቺን ጫጩት አሳድጓት እንጂ!» አለ አንዱ።

«ተው! ልጅ የሚያድገው በልምምድ ነው» አለ ሌላው።

«እሱ እስኪለማመድ ሃያ ይገባብናል!»

ጋሽ መንበሩም ትንሽ ቁመት ቢጨምር ብለው አንዴ ተጫኑ። ሜዳው ሁሉ ተከተላቸው። ናሆም ጢም አወጣ፤ ግን ጥንጓን ሳታት።

«ጨምሩለት፣ ገና አልበሰለም!»

ሸበተ። ወገቡን ይዞ እያነከሰ ሮጠና አንዲት ግብ አገባ። ደጋፊው አበደ።

«በቃ፣ በእናታችሁ! እናቱን ምን እላታለሁ?» አሉ ጋሽ መንበሩ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ጋሼ!»

ሲመሽ ናሆም ከአባቱ በላይ አርጅቶ ቤት ገባ። እናቱ «ሲያድግ እፈታዋለሁ» ብላ ያጠፈችው የሱሪው ጫፍ ጉልበቱ ላይ ቀርቷል። ጋሽ መንበሩ ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር» አለ ሽማግሌው እየተቀመጠ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «አባዬ፣ ነገ የሒሳብ ፈተና አለብኝ። ታስጠናኛለህ?»

ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። ግቧን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት፣ ጋሽ መንበሩ አሳዝነውኝ።