የላኪ አድራሻ

ሹዠን ቻይናውያን የሙታናቸውን መቃብር በሚጠርጉበት በዓል ዕለት፣ ሲቃጠል ለሟች ባሏ ይደርሳል ብላ የምታምነውን የወረቀት ስጦታ እሽግ አሰረች። የላኪ አድራሻ ላይ ስትደርስ ግን የመጻፊያ ብሩሽ የያዘው እጇ ቆመ። ክፍለ ከተማቸው ዘንድሮ ከወንዝ ማዶው ጋር ተዋህዶ ስሙ ጠፍቷል።

«የድሮውን ይጻፉት በቃ፣ እማማ» አለች ምራቷ። «አባባ አዲሱን በምን ያውቁታል?»

«ሠላሳ ዓመት የክፍለ ከተማ ድንበር ሲያሰምር የኖረ ሰው እኮ ነው! የተሳሳተ አድራሻ ካየ ሳይከፍት ይመልሰዋል።»

«አዲሱን ካዩ ደግሞ ከማን እንደመጣ አያውቁም።»

ሹዠን ጥቂት አሰበችና አዲሱን ስም አሳምራ ጻፈች። ከዚያ ተነስታ በሩ ላይ የተለጠፈውን፣ ውህደቱን የሚገልጸውን የመንግሥት ማስታወቂያ ቀስ ብላ ላጠችና አጥፋ እሽጉ ውስጥ ከተተችው።

«እሱ ደግሞ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ማኅተም አለው» አለች፣ እሳቱን እየለኮሰች። «እኔ ብነግረው መች ያምነኛል!»